ከሲኤስ ጎ ወደ ሲኤስ 2፦ ስለ ፕሮ ተጫዋቾች ሽግግር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ፣ ተጫዋቹ በአጭሩ ሲኤስ ጎ የሚለው፣ ከኦገስት 2012 ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት የዘለቀ፣ አምስት ለአምስት ሆነው አጥቂው ቦምብ የሚተክልበት፣ ተከላካዩ የሚያከሽፍበት የኮምፒውተር ተኩስ ጨዋታ ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2023 የጨዋታው ሠሪ ቫልቭ አነሳውና በቦታው ካውንተር ስትራይክ 2ን ተካ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚህ ጨዋታ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች፣ ማለትም ፕሮዎቹ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠሩት የነበረውን ሁሉ እንደገና መፈተሽ ነበረባቸው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ውድድሩን በስክሪን የሚከታተሉም፣ ራሳቸው ቡድን ይዘው የሚለማመዱም አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮዎቹ ለመሻገር ስንት ጊዜ ተሰጣቸው?

ሲቆጠር ስድስት ወር፣ በተግባር ግን ሁለት ሳምንት ያህል። ቫልቭ አዲሱን ጨዋታ ያስተዋወቀው ማርች 22 ቀን 2023 ሲሆን በዚያው ሰሞን የተመረጡ ሰዎች እንዲሞክሩት ተፈቀደላቸው። ያስቸገረው የውድድሩ ሰሌዳ ነው። በሜይ ወር ፓሪስ ላይ የተደረገው ሜጀር (የጨዋታው ትልቁ ውድድር) በሲኤስ ጎ ነበር፤ የፈረንሳዩ ቡድን ቪታሊቲ በአገሩ ሕዝብ ፊት ጌመርሌጅንን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ የሲኤስ ጎ የመጨረሻው ሜጀርም ያ ሆነ። ማልታ ላይ የተካሄደው 18ኛው የኢኤስኤል ፕሮ ሊግ ደግሞ እስከ ኦክቶበር 1 የዘለቀው በአሮጌው ጨዋታ ነው፤ ይኸውም አዲሱ ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ሞውዝ የተባለው ቡድን ያንን ዋንጫ ካነሳ ከ15 ቀን በኋላ በሲድኒ የአይኢኤም ውድድር በሲኤስ 2 ተከፈተ።

ለማልታ የሚዘጋጅ ቡድን በዚያ ወቅት አዲሱን ጨዋታ መክፈት ማለት እጁን ማደናገር ነበር፤ አለመክፈት ደግሞ ለሲድኒ ባዶ እጁን መሄድ። አሠልጣኞች የተጨነቁበት ምርጫ ይኸው ነበር።

ለምን የለመዱት ጨዋታ ላይ አልቀሩም?

የሚቀሩበት ቦታ ስላልነበረ። ቫልቭ ሲኤስ 2ን ጨዋታ በሚያከፋፍልበት በስቲም ላይ ለብቻው አላወጣውም፤ ሲኤስ ጎ በነበረበት በዚያው ቦታ ላይ አስገባው። ሊጉም፣ ሜጀሩም፣ የስፖንሰሩም ገንዘብ አብሮ ሄደ።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ ውሳኔ እንዳልሆነ ለመረዳት ወደ 2004 መመለስ ያስፈልጋል። ካውንተር ስትራይክ ሶርስ በዚያ ዓመት ሲወጣ 1.6 የሚባለው የቀድሞው ካውንተር ስትራይክ እንደተከፈተ ነበርና ብዙዎቹ ምርጥ ተጫዋቾች አንሄድም አሉ። ጨዋታው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የየራሱ ቡድን፣ የየራሱ ውድድር ይዞ እስከ 2012 ድረስ ኖረ። ሲኤስ ጎ የመጣው ሁለቱን ለማገናኘት ነው፤ ተሳክቶለታልም። በ2012 የተዋቀረው የስዊድኑ ቡድን ኒንጃስ ኢን ፒጃማስ ፎረስት እና ጌት ራይት የተባሉ የ1.6 ታላላቆችን ፍራይበርግ እና ፊፍላረን ከተባሉ የሶርስ ተጫዋቾች ጋር አቀላቅሎ፣ በአካል ተገናኝተው በሚጫወቱባቸው ውድድሮች 87 ማፕ (የመጫወቻ ሜዳ) በተከታታይ አሸነፈ።

በሌላ ጨዋታ ደግሞ ተቃራኒው ደርሷል። በኮሪያ የስታርክራፍት ብሩድ ዋር ጌቶች በ2012 ወደ ስታርክራፍት 2 ተሸጋገሩ፤ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ፍላሽ የተባለው ተጫዋች ግን በ2015 መጨረሻ ከስታርክራፍት 2 ወጥቶ ወደ ብሩድ ዋር ተመለሰ። አሮጌው በር ክፍት ከሆነ ሰው ይመለሳል። ቫልቭ በ2023 በሩን የዘጋው ይህን እያየ ነው ብለን እናምናለን።

ከአሮጌው ጨዋታ ምን ይሻገራል? ምንስ ይቀራል?

ኤይም፣ ማለትም የማነጣጠር ችሎታ፣ ይሻገራል። የኤኬ 47 እና የኤም 4 ጥይት አረጫጨት የተጠናው ዓይነት ነው፤ የማፖቹ መንገድም በአብዛኛው አልተለወጠም። ጠላት ከየት እንደሚመጣ የመገመት፣ ድምፅ የማንበብ ችሎታም እንዳለ አብሮ ይሄዳል።

የሚቀረው በጣም ጥቃቅን የሆነውና በሺህ ድግግሞሽ የተገኘው ነው፦ ስሞክ (ዕይታ የሚከልል የጭስ ቦምብ) ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ ዘሎ የተወረወረ ቦምብ የት እንደሚያርፍ፣ ስንተኛው ራውንድ (ዙር) ላይ ገንዘብ መቆጠብ እንዳለበት። ብዙ ሰው አዲስ ጨዋታ ሲመጣ ሮጦ ኤይም ማሠልጠኛ ይከፍታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ልምምዱን በስሞክ ጀምሩ።

ስለ ስሞክ ይህን ያህል የሚወራው ለምንድን ነው?

በሲኤስ ጎ ስሞክ እያንዳንዱ ተጫዋች በየስክሪኑ የሚያየው ሥዕል ነበር። ክብ ሆኖ ይቆማል፣ ጥይት ያልፍበታል እንጂ አይነካውም፣ 18 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይበናል። አንዱ ሲያይ ሌላው የማያይበት ቀዳዳም ይፈጠር ነበር።

በሲኤስ 2 ስሞክ በትናንሽ ኪዩቦች የተሠራ፣ መጠን ያለው ነገር ነው፤ ለአሥሩም ተጫዋች አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። እንደ ውኃ ያገኘውን ቦታ ይሞላል። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ቢወድቅ ግራና ቀኙ ስለተዘጋበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፤ በር አጠገብ ቢወድቅ በበሩ ይፈስሳል፤ ደረጃ ላይ ከሆነ ይወርዳል። ጥይት ሲያልፍበት ቀጭን መስመር ይከፍታል፤ የእጅ ቦምብ ሲፈነዳበት ደግሞ መሐሉ ለጥቂት ቅጽበት ወለል ብሎ ተመልሶ ይሞላል።

በቅርበት እንየው። ኢንፈርኖ በተባለው ማፕ ላይ፣ ባናና በሚባለው መንገድ ተከላካዩ ስሞክ ጥሎ ከኋላው ቆሟል። በሲኤስ ጎ ቢሆን ኖሮ አጥቂው ስሞኩ እስኪበን ይጠብቃል። አሁን ግን አንዱ አጥቂ በ300 ዶላር የገዛውን የእጅ ቦምብ ስሞኩ መሐል ላይ ያፈነዳል፤ ሁለተኛው ከመፈንዳቱ በፊት ኢላማውን ተከላካዩ ሊቆምበት በሚችልበት ቦታ ላይ አስተካክሎ ይጠብቃል፤ ሲገለጥ ይተኩሳል። ጥበቡ በሁለቱ መካከል ያለው ቆጠራ ነው። ቦምቡን የሚወረውረው ሰው ራሱ ልተኩስ ካለ ጠመንጃውን እስኪያወጣ ቀዳዳው ይዘጋበታል።

ሲለማመዱ በብዛት የሚበላሸው ቦምቡ ስሞኩን አልፎ ከኋላው መውደቁ ነው፤ ያኔ የሚከፈተው ቀዳዳ ከተኳሹ የዓይን መስመር ጋር አይገጥምም። በተከላካይ በኩል ያለው ስህተት ደግሞ ልማድ የወለደው ነው፦ ስሞክ ጠርዝ ላይ ተጠግቶ መቆም። ያ ቦታ ድሮ ጥሩ መደበቂያ ነበር፤ አሁን አንድ ቦምብ ያጋልጠዋል። ስሞክ ከጣላችሁ በኋላ ሁለት እርምጃ ራቁ፤ አንግሉንም ቀይሩ።

ከሁሉ የከፋው ሲ 4ን (አጥቂው የሚተክለውን ቦምብ) ማክሸፍ ላይ ነው። ያለ ኪት (የማክሸፊያ መሣሪያ) 10 ሰከንድ፣ በኪት 5 ሰከንድ ይፈጃል። ድሮ ተከላካይ ቦምቡ ላይ ስሞክ ጥሎ ውስጡ ተቀምጦ ያከሽፍ ነበር፤ አጥቂውም በግምት ይረጭበታል። አሁን አጥቂው አንድ የእጅ ቦምብ ካስቀረ ሰውየውን ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ሲ 4 የተከለ ቡድን የእጅ ቦምቡን መጨረስ የለበትም፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይያዝ።

ድሮ ያጠናናቸው ላይንአፖች (ስሞክና ቦምብ ከየት ቆሞ፣ ወዴት አነጣጥሮ እንደሚወረወር) ይሠራሉ ወይ?

እንደ ማፑ ይለያያል። ቫልቭ ማፖቹን በሦስት ከፍሎ ነው ያመጣቸው። እንደ ደስት 2 እና ሚራዥ ያሉት መዋቅራቸው ሳይነካ ተሻገሩ፤ እንደ ኑክ ያሉት ብርሃንና ቁሳቸው ታደሰ፤ ኢንፈርኖ እና ኦቨርፓስ ደግሞ ከመሠረታቸው እንደገና ተሠሩ። በሦስተኛው ዓይነት ላይ ለማነጣጠሪያ የምትጠቀሙበት የጣሪያ ጫፍ ወይም የመስኮት ጥግ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹም ላይ ቢሆን ስሞኩ እዚያው ቢወድቅም ቅርጹ ስለሚለይ ዳር ላይ ክፍተት መኖሩን በዓይን ማየት የግድ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው፦ ፕራክቲስ ላይ የማያልቅ ጥይት እና የቦምብ ካሜራ የሚሉትን አብሩ፤ አንዱ ይወርውር፣ ሌላው ጠላት በሚቆምበት ቦታ ቆሞ ወደ ወርዋሪው ይይ። ብቻችሁን ወርውራችሁ ጥሩ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ ቀዳዳው የሚታየው ከወዲያ ማዶ ነው።

ሰብ ቲክ ምንድን ነው? ፕሮዎቹስ ለምን አማረሩበት?

ሰርቨር ጨዋታውን የሚያሰላው በተወሰነ ምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት ቲክ ይባላል። የቫልቭ የሲኤስ ጎ ሰርቨሮች በሰከንድ 64 ጊዜ ያሰሉ ነበር፤ ማለትም በየ15.6 ሚሊሰከንድ። ፕሮዎቹ የሚጫወቱባቸው ፌስኢት የተባለው መድረክ እና የውድድር ሰርቨሮች ግን 128 ነበሩ፣ በየ7.8 ሚሊሰከንድ። በሲኤስ 2 ሁሉም 64 ሆነና፣ በሁለት ቲክ መካከል የተጫናችሁት ቁልፍ ትክክለኛ ሰዓቱ ተጽፎበት እንዲላክ ተደረገ። ሰብ ቲክ የሚባለው ይኸው ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ተኩሱ በተተኮሰበት ቅጽበት ይቆጠራል። ጣጣው እንቅስቃሴ ላይ መጣ። በ128 ሰርቨር አንድ ዓይነት ቁልፍ ስትጫኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ታገኛላችሁ፤ በአዲሱ ግን የተጫናችሁበት የሚሊሰከንድ ክፍልፋይ ስለሚቆጠር ዝላያችሁ በጣም በትንሹ ከፍና ዝቅ ይላል። ለተራ ተጫዋች ምንም አይደለም። ቦምብ ዘሎ ወርውሮ አንዲት መስኮት ውስጥ ለሚያስገባ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ቫልቭ ለዚህ መፍትሔ ያደረገው ዘሎ መወርወርን የጨዋታው አካል ማድረግ ነው። የመወርወሪያውን ቁልፍ ይዛችሁ ዝለሉ፤ ከመሬት በተነሳችሁበት ቅጽበት ልቀቁት። ጨዋታው አውቆት አንድ ወጥ ውርወራ ይሰጣችኋል። ቀድሞ መልቀቅ ነው የሚያበላሸው፤ ከመሬት ሳትነሱ ከለቀቃችሁት ተራ ውርወራ ይሆናል።

ቁልፍ ላይ ባይንድ አድርጌ (ትእዛዞቹን በአንድ ቁልፍ አስሬ) ብሠራውስ?

ኦገስት 2024 ላይ ቫልቭ በራሱ ሰርቨሮች በአንድ ቁልፍ ሁለት እንቅስቃሴ የሚያዙ ባይንዶችን ዘጋ። ስናፕ ታፕ የሚባለው፣ ኪቦርዱ ራሱ አንዱን የአቅጣጫ ቁልፍ ለቅቆ ሌላውን የሚጫንላችሁ ዘዴም በዚያው ጊዜ ተከለከለ፤ ሰርቨሩ ከደረሰባችሁ ከጨዋታው ያስወጣችኋል። ኪቦርዳችሁ ይህ ነገር ካለው ከሶፍትዌሩ ገብታችሁ አጥፉት።

ስለዚህ በተቃራኒ ቁልፍ መቆም በጣት መሠራት አለበት። ኤኬ 47 ይዞ የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱ በጨዋታው መለኪያ 215 ነው፤ ጥይቱ ወዳነጣጠረበት እንዲሄድ ፍጥነቱ ከ34 በመቶ በታች መውረድ አለበት፤ ያ ወደ 73 ይመጣል። ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ ከሆነ የቀኙን ልቀቁ፣ የግራውን አንዴ ነካ አድርጉ፣ ተኩሱ። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ የምትይዙ ከሆነ ሰውየው ቶሎ አይቆምም፣ የመጀመሪያዋ ጥይት ትስታለች። ኤይሜ ጠፋብኝ ከሚሉት ብዙዎቹ የጠፋባቸው ይህ ነው።

16 የነበረው ወደ 13 መውረዱ ምን ለወጠ?

ከስሞክ ቀጥሎ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ለካፒቴኖች እንዲያውም ከስሞክም ይበልጣል። ድሮ አንድ ግማሽ 15 ራውንድ ነበር፣ 16 የደረሰ ያሸንፋል። አሁን ግማሹ 12 ሲሆን የሚያሸንፈው 13 የደረሰ ነው። የገንዘቡ ሥርዓት ግን በመሠረቱ አልተቀነሰም፤ ችግሩም ከዚያ ይነሳል።

በቁጥር እንሥራው። ሁሉም ሰው በ800 ዶላር ይጀምራል። ያንን ጨርሶ የመጀመሪያውን፣ የፒስቶሉን (የሽጉጡን) ራውንድ የተሸነፈ ቡድን ለአንድ ሰው 1,900 ያገኛል። ሁለተኛውን ምንም ሳይገዛ ቢሸነፍ 2,400 ይጨመርለትና 4,300 ይሆናል። ሙሉ ትጥቅ ምን ያህል ነው? ኤኬ 2,700፣ ጥሩርና ሄልሜት 1,000፣ ስሞክ 300፣ ሁለት ፍላሽ (ዓይን የሚያጨልም ቦምብ) 400፣ ሞሎቶቭ (የእሳት ቦምብ) 400፤ ድምሩ 4,800። ስለዚህ ሦስተኛው ራውንድ ላይ ኤኬና ጥሩር ገዝቶ 600 ዶላር ይተርፈዋል፤ በዚያ ስሞክና አንድ ፍላሽ ይይዛል። ይህንንም ከተሸነፈ አራተኛው ላይ እንደገና ባዶ ነው። 0 ለ 4። በድሮው ሥርዓት ግማሹ ሳያልቅ 11 ራውንድ ይቀረው ነበር፤ አሁን የሚቀረው 8 ብቻ ነው።

በዚህ የተነሳ ቡድኖች ሁለተኛውን ራውንድ ዝም ብለው ከማሳለፍ ይልቅ ባላቸው ፒስቶልና ጥሩር መጋፈጥ አበዙ። የሚያሸንፈው ቡድንም ሁለተኛው ራውንድ ላይ ርካሽ መትረየስ ይይዛል፤ በማክ 10 ወይም በኤምፒ 9 አንድ ሰው መግደል 600 ዶላር ሲያስገኝ በኤኬ 300፣ በኤደብልዩፒ (ከሩቅ በሚያነጣጥረው ውድ ጠመንጃ) 100 ብቻ ነው። ኤደብልዩፒ የሚይዝ ሰው በተለይ ተጎድቷል። ጠመንጃው 4,750፣ ከነጥሩሩ 5,750 ነው፤ በዚያ ላይ ቫልቭ በኖቬምበር 2022 የጥይት መያዣውን ከ10 ወደ 5 አውርዶታል። ሁለት ጊዜ ከጣለው ቡድኑ በሙሉ ይደኸያል።

ካፒቴኑ ያጣው ደግሞ ጊዜ ነው። ድሮ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ራውንዶች ተጋጣሚውን ለማጥናት ማዋል ይቻል ነበር። አሁን ጥናቱ ከጨዋታው በፊት፣ ቪዲዮ እያዩ ማለቅ አለበት።

የጠመንጃ አመራረጡስ?

ከጨዋታው በፊት ለእያንዳንዱ ወገን 15 መሣሪያ ትመርጣላችሁ፦ አምስት ሽጉጥ፣ አምስት መካከለኛ፣ አምስት ትልልቅ ጠመንጃ። ኤም 4 ኤ 4ንም ኤም 4 ኤ 1 ኤስንም መያዝ ይቻላል፤ ሌላ አንድ መተው ብቻ ነው። በስህተት የገዛችሁትንም የመግዣው ሰዓት ሳያልቅ፣ ካልተጠቀማችሁበት፣ መመለስ ትችላላችሁ።

የማውሴን ሴንሲቲቪቲ (ለእጄ እንቅስቃሴ የሚሰጠውን የመዞር መጠን) መቀየር አለብኝ?

አይ፤ ቁጥሩ እንዳለ ይሻገራል። ማውሱ 400 ዲፒአይ ላይ ሆኖ በጨዋታው ውስጥ 2.0 ከሆነ፣ ሙሉ ዙር ለመዞር 52 ሴንቲሜትር ገደማ መግፋት አለባችሁ፤ በሲኤስ ጎም በሲኤስ 2ም። 800 ዲፒአይ በ1.0 ቢሆንም ያው ነው። ጠረጴዛ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ብትለኩት ታገኙታላችሁ። ሜዳው ላይ ሌላ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ማውሱ አይደለም፤ የፍሬም (ስክሪኑ በሰከንድ የሚያሳየው የሥዕል ብዛት) መዋዠቅ ነው።

ኮምፒውተሩና ኢንተርኔቱ ምን ያህል ይጠይቃል?

እዚህ ላይ ሽግግሩ ብዙ ሰው አስቀርቷል። ሲኤስ ጎ 2 ጊጋ ራም እና 15 ጊጋ የዲስክ ቦታ ይበቃው ነበር። ሲኤስ 2 ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ 85 ጊጋ ዲስክ እና ዳይሬክት ኤክስ 11 የሚችል ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ማክ ላይ ጭራሽ አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው 85 ጊጋ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ከተቻለ አንድ ሰው በዋይፋይ ያውርደውና በሐርድ ዲስክ ተቀባበሉት፤ ስቲም የተገለበጠውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ፕሮዎቹ 240 ወይም 360 ኸርትዝ ስክሪን ላይ፣ ብዙዎቹም በ1280 በ960፣ 4:3 ተወጥሮ ይጫወታሉ። ፍሬም ስትለኩ ባዶ ማፕ ላይ አትለኩ፤ ሁለት ስሞክና አንድ ሞሎቶቭ ጥላችሁ መሐሉ ላይ ሆናችሁ ለኩ። ባዶ ቦታ ላይ 200 የሚሰጥ ማሽን እዚያ ግማሹን ሊያጣ ይችላል፤ የምትሞቱትም እዚያ ነው። ጥላ የሚለውን ሴቲንግ ደግሞ ለፍሬም ብላችሁ እስከ ታች አታውርዱት፤ ከጥግ ጀርባ ያለ ሰው ከአካሉ ቀድሞ ጥላው የሚታይበት ጊዜ አለ።

ከኢትዮጵያ ለሚጫወት ሰው የፒንጉ (መረጃው ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ርዝመት አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን መንገድ ላይ የሚጠፋው ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ነው። ሰብ ቲክ የላካችሁትን ሰዓት የሚያውቀው መረጃው ሲደርሰው ነው። ከጌም ሴቲንግ ውስጥ ቴሌሜትሪ ገብታችሁ የፓኬት ኪሳራውን አብሩት። ቁጥሩ እየደጋገመ የሚወጣ ከሆነ፣ የፓኬት መጥፋትን ለማለስለስ የሚለውን ምርጫ ከዜሮ ወደ አንድ ፓኬት አድርጉት። አንድ ቲክ ያህል፣ 15.6 ሚሊሰከንድ፣ መዘግየት ይጨምራል፤ በምትኩ ጠላት ከቦታ ቦታ መዝለሉን ይቀንስላችኋል። መጀመሪያ ግን ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል።

ቡድን ይዘን ከባዶ ብንጀምር ሁለት ሳምንቱን እንዴት እናውለው?

በቀን ሦስት ሰዓት አላችሁ ብለን እናስብ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለሴቲንግ፣ በተቃራኒ ቁልፍ ለመቆምና ዘሎ ለመወርወር ስጡ። ከዚያ ሦስት ማፕ ብቻ ምረጡ፤ ሰባቱንም ለመያዝ የሚሞክር ቡድን አንዱንም አይዝም። በእያንዳንዱ ማፕ ላይ በአንድ ወገን አምስት ስሞክ፣ ሁለት ሞሎቶቭ እና አንድ በእጅ ቦምብ የሚከፈት ስሞክ ይበቃል። አምስታችሁም ሁሉንም ማወቅ አለባችሁ፤ ስሞኩን የሚያውቀው ሰው መጀመሪያ ከሞተ ዕቅዱ አብሮት ይሞታል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከሌላ ቡድን ጋር ተጫወቱ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ መጀመሪያ የምታዩት የተሸነፋችሁበትን ራውንድ ሳይሆን ከሱ በፊት ምን እንደገዛችሁ ይሁን።

ከሽግግሩ ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ?

ወጣት ያሸንፋል፣ አዛውንት ይወድቃል የሚለው ግምት በመጀመሪያው ውድድር ፈረሰ። ሲድኒ ላይ ዋንጫውን ያነሳው ፌዝ የተባለው ቡድን ነው፤ ካፒቴኑ ካሪጋን 33 ዓመቱ ነበር። ብዙ ጨዋታ ያየ፣ ያልተጠና ሜዳ ላይ ወዲያው መወሰን የሚችል ካፒቴን ማንም ላይንአፕ ባልያዘበት ሰሞን ጥቅሙ ታየ።

ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ፌብሩዋሪ 2024 ካቶቪትሰ ላይ የቲም ስፒሪቱ ዶንክ በ17 ዓመቱ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ሬቲንጉ (የብቃት ነጥቡ) 1.70 ነበር። ኃይለኛ አገባቡ ለአጭሩ ግማሽ የተሰፋ ይመስላል፤ መጀመሪያ የሚገድል ሰው ያለው ቡድን ገንዘቡን አይቆጥርም። በዲሴምበር 2024 የሻንጋይን ሜጀርም ከቡድኑ ጋር ወሰደ።

በሌላ በኩል ሲምፕል አለ። ብዙዎች የሲኤስ ጎ ታላቁ ተጫዋች የሚሉት እሱ ሲኤስ 2 እንደወጣ፣ በ2023 መገባደጃ፣ ከቡድኑ ከናቪ አሰላለፍ ወጣ። ናቪ ያለ እሱ፣ አሌክሲብን ካፒቴን አድርጎ፣ ማርች 31 ቀን 2024 ኮፐንሃገን ላይ ፌዝን 2 ለ 1 ረትቶ የሲኤስ 2ን የመጀመሪያ ሜጀር በላ። ከአንድ ኮከብ ይልቅ ስሞክና ቦምብ በሥርዓት የሚጠቀም ቡድን እንዴት እንደሚያሸንፍ ማየት የሚፈልግ ያንን ፍጻሜ ደግሞ ይየው።

የቪታሊቲው ተጫዋች ዛይዉ የተለየ ነው። ፓሪስ ላይ በሲኤስ ጎ፣ በጁን 2025 ኦስቲን ላይ ደግሞ በሲኤስ 2፣ ከቪታሊቲ ጋር ሁለት ሜጀር ወሰደ፤ በሁለቱም ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

የገዛኋቸው ስኪኖች (የመሣሪያ ቀለምና ጌጥ) ጠፉ ወይ?

አልጠፉም። ሁሉም ወደ ሲኤስ 2 ተሻግረዋል። በአዲሱ ብርሃን ምክንያት አንዳንዶቹ ደምቀው ይታያሉ።

አሮጌውን ሲኤስ ጎ አሁን መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን የቀረው ቅርፊቱ ነው። ስቲም ላይብረሪ ውስጥ ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ በቀኝ ተጫኑ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቤታስ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ሲኤስ ጎ ሌጋሲ የሚለውን ምረጡና ያውርድ። ከቦት (ኮምፒውተሩ ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ጋር መጫወት፣ የማኅበረሰብ ሰርቨር መግባት፣ የድሮ ዴሞዎችን (የጨዋታ ቅጂዎችን) ማየት ይቻላል። የቫልቭ ማችሜኪንግ (ተጋጣሚ ማገናኛ) የለም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ወዲህ ቫልቭ ድጋፉን ስላቆመ የሚበላሽ ነገር ቢኖር የሚያስተካክለው የለም። ዴሞ ለማየት ብላችሁ ካወረዳችሁት ስትጨርሱ ቤታስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ቀድሞው መልሱት፤ ካልመለሳችሁት ስቲም ሲኤስ 2ን አይከፍትላችሁም።